የጋሼ ቡናማ ኮት

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠኝ ፋርማሲስቱ ነው። የምግብ ማካፈያችን ሊቀመንበር ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መድኃኒት መሸጡን ትቶ ሰው መምከር ይዟል። "መምህርት፣ በር ላይ የሚያዩትን ይጻፉልን፣ ለሪፖርት ይጠቅመናል" አለኝ። እሺ ብዬ ተቀበልኩት። ለሪፖርት ግን አልጽፍበትም። ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ደብተር ሳርም ኖሬ አንድ የራሴ ቢኖረኝ ምን ይለዋል?

ማካፈያችን ድሮ ጎማ መጠገኛ ነበር። በሳሙና ብናጥበው፣ ኖራ ብንቀባው፣ ግድግዳው አሁንም ጎማ ጎማ ይላል። ሩዙም ምስሩም ያንኑ ይሸታል። ሸተተኝ ብሎ የመለሰ ሰው ግን አላየሁም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሰልፉ ጥግ ዞሮ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሷል። ረቡዕና ቅዳሜ እናድላለን። እኔ በር ላይ ነኝ። ከኋላዬ "ዘበኛዋ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉኝ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ዛሬ አንድ አዲስ ሰው መጣ። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፣ ጫማውን ወልውሏል። "ለጎረቤቴ ነው፣ እሷ መምጣት ስላልቻለች ነው" አለኝ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ቀን ለጎረቤቱ ነው። ኮሌታውን አየሁት፤ ተቆልፎ እንኳ ሁለት ጣት ያስገባል። ሁለት ከረጢት ሰጥቼ "አንዱን ለጎረቤትህ ስጣት" አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እኔም ቶሎ ብዬ ወደሚቀጥለው ዞርኩ።

ይሄ ሥራዬ ነው። ሰው አፉ ቢዋሸኝ ልብሱ ይነግረኛል። ትከሻው ላይ የወደቀ ሹራብ፣ ቀበቶ ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ፣ ጠዋት የጠበቀ ማታ የሚንሸራተት ቀሚስ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበርኩ፤ የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ከደንብ ልብሱ አውቅ ነበር። ጋሼ ሲያየኝ ይስቅብኛል። "ሚጡ፣ ሰውን እንዲህ አታፍጪበት፣ ልብሱን ትቀድጂበታለሽ" ይለኛል። ይህን ያህል አርጅቼም ለእሱ ሚጡ ነኝ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ልብስ ሰፊ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው፣ ልጅም የለው። ከአሮጌ መጋረጃና ከአንሶላ ቤቱ በስፌት መኪናው ከረጢት ሰፍቶ ያመጣል፤ ማካፈያው ጥግ ላይ ደግሞ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጠርዙን በእጅ ይጨርሳል። ሐሳቡ የራሱ ነው። "ሰው እህል በላስቲክ ይዞ ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፤ በጨርቅ ሲሆን ግን ልብስ ሊያሳጥብ የሄደ ይመስላል" አለ። እውነቱን ነው። አበባ አበባ ያለበትን መጋረጃ ይዘው ቀና ብለው ሲሄዱ አያለሁ። እሱም ያችን ራሱ የሰፋትን ቡናማ ኮት ለብሶ፣ ልክክ ብላበት፣ ጌታ መስሎ ይቀመጣል። የዱሮ ሰው ልብስ ሲያምርበት!

ማታ ሥራ ስንጨርስ በጎ ፈቃደኞቹ ከተረፈው አንዳንድ ከረጢት ይይዛሉ። ጋሼም አንድ ይይዛል፤ ግድግዳ ለምትጋራው አሮጊት ጎረቤቱ ነው። እኔ አልይዝም። በር ላይ የሚቆም ሰው እጁ ባዶ መሆን አለበት።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

መጥፎ ቀን። ዘይት አነሰ። ልንዘጋ ስንል ባለ ቀይ ሻርፗ፣ ምስር የምትሰፍርልን ሴት፣ በአጠገቤ ስታልፍ ሻርፗ ሥር አንድ ነገር አበጠ። "ምንድነው እሱ?" አልኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ። የዘይት ጠርሙስ። "ከማታው ድርሻዬ ነው፣ ዘይት ደሞ መቼም አይተርፍ፣ አስቀድሜ ይዤ ነው" አለች። ደሜ ፈላ። "ሰልፍ ላይ ያሉት ምን ይበሉ? ሁለተኛ እንዳላይሽ!" አልኳት።

ስትወጣ ማንንም ቀና ብላ አላየችም። ጋሼን ብቻ አየችው። እሱ መርፌው ላይ አቀርቅሮ ነበር።

ጮኼባታለሁ መሰለኝ። ግን ሌላ ምን ልበል?

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ስብሰባ። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፦ እዚህ የሚሠራ ሰው ከዚህ አይወስድም፤ የማታው ከረጢትም ይቅር። ዘይት ሰረቁ የሚል ወሬ ለጋሾቹ ጋ ከደረሰ ያ ሁሉ ሰልፍ ጦሙን ያድራል። ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠርጎ "ትንሽ አልከረረም፣ መምህርት?" አለ። "ከረረም ላላም ስማችን ይበልጣል" አልኩ። እጅ አውጡ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ልክ እንደ ክፍል። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ጋሼ ነው፤ ቀጥ አድርጎ፣ እኔን እያየ። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ።

ኮራሁበት። የአባቴ ልጅ አልኩ በሆዴ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ደንቡ ሠራ። ሁሉም እጃቸውን አጣጥፈው ወጡ። ኩርፊያ ነገር አለ፤ ያልፋል። ጋሼን "ጎረቤትህስ ምን ትሁን? ራሷ መጥታ ትሰለፍ እንጂ" አልኩት። "እሷማ ልጇ ጋ ሄደች" አለኝ። እሰይ፣ ተገላገለች።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ሻይ ስናፈላ ጋሼ ስኳሩን ማንኪያ በማንኪያ ይገለብጠዋል። ሻይ አይደለም፣ ሽሮፕ ነው። "ኧረ በስኳር ትሞታለህ! ምን ነካህ፣ ጋሼ?" አልኩት ሰው ፊት። ሳቀ። "ሳረጅ ጣፋጭ ወደድኩ" አለ። ጥርሱንም አያስብም። ስኳሩን ከፊቱ አነሳሁት።

ኅዳር 23፣ እሑድ

ዛሬም ምሳ አልመጣም። ዱሮ እሑድ እሑድ ከኛ ጋ ነበር የሚበላው። ልጄ ባሏ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ወዲህ ሦስት ልጆቿን ይዛ እኔ ጋ ናት። ቤቱ ጠበበ፣ ድስቱም ጠበበ፣ ግን ለእሱ የሚሆን መቼ ይጠፋል? ደወልኩለት። "ልጆቹ ይብሉ፣ እኔ በልቻለሁ" አለኝ። ምን በላህ ስለው የሚነግረኝ መዓት ነው፤ ድንቹን እንዴት እንደቀቀለ፣ ሽንኩርቱን እስኪቀላ እንዴት እንዳቁላላው፣ ላዩ ላይ እንቁላል እንዴት እንደፈነከተበት። እየሰማሁት ምራቄን ዋጥኩ። ከኔ የተሻለ ይበላል ሰውዬው! ለልጄ ስነግራት "ጋሼ መቼ ነው ምግብ መሥራት የቻለው?" አለች። ሰው ይማራል አልኳት።

እራት አልበላሁም። ማታ ማታ መብላት አይስማማኝም። ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝኩት፤ እርጅና ወገብ ያሳጣል።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ከረጢቱ አልበቃም። ጋሼ ያመጣው ከወትሮው ግማሽ። አገላብጬ ባየው ስፌቱ የእጅ ነው! "የስፌት መኪናውስ?" "ጥገና ገብቷል።" "መቼ ይወጣል?" "ሲጠገን።" ነገረኛ።

ሰዎች እህሉን በቀሚሳቸው ጫፍ ተቀብለው ሄዱ። ተናድጄበታለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

የጭነት መኪናው ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው። ሩዝ ብቻ። ዘይት የለም፣ ምስር የለም። ለሰልፉ ግማሽ ግማሽ ድርሻ አካፈልኩ፤ አንዲት እናት "ግማሹን ለየትኛው ልጄ ልስጠው?" አለችኝ። ከረጢቱን ሰጥቼ ወደሚቀጥለው ዞርኩ።

ባለ ቀይ ሻርፗ ሰልፍ ውስጥ ነበረች። ፊት ልነሳት አስቤ ነበር፣ ግን ሻርፗን ገልጣ አንገቷን አሳየችኝ፤ በአንድ ወር እንዲህ ይከሳል? ሰጠኋት። ከረጢቱን ይዛ ቆመችና በቀስታ "መምህርት፣ እዚህ ቤት የሚራበው በር በኩል የሚመጣው ብቻ ነው? አንዳንዴ ወደ ኋላም ዞር ይበሉ" አለችኝ። ወደ ኋላ ዞርኩ። ከኋላዬ የሩዝ ጆንያ አለ፣ ጋሼ አለ፣ ሚዛን የያዘው ልጅ አለ። ሌብነቷን ልታስረሳኝ ነው የፈለገችው። ዓይን አውጣ!

ይኸው ግን ማታ ላይ አባባሏ አልለቅ አለኝ።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

ዳቦ ጋጋሪው የትናንቱን ዳቦ በኬሻ ይዞልን መጣ። ቀልደኛ ነው። "እትዬ፣ ወንድምዎ ጠዋት ጠዋት መጋገሪያዬ በር ላይ ቆሞ ይሞቃል፣ ኪራይ ልጠይቀው ነው" አለኝ። "ለከሰል የሚያወጣውን እየቆጠበ ነዋ፣ ቆጣቢ ነው" አልኩት። ጋጋሪው አልሳቀም። "ዳቦ እንካ ብለው እኮ፣ እኔ የማካፈያው ሰው ነኝ፣ አልወስድም አለኝ" አለ።

ደንብ አክባሪነቱን ለሁሉም ነገርኳቸው። ምሳሌ ይሁናቸው ብዬ።

ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

ልጄ ዛሬ ልብስ እያጠበች ድንገት "እማዬ፣ ጋሼ አልከሳም?" አለች። "የት አየሽው?" "ትናንት ዳቦ ቤቱ ጋ። ፊቱ ጠቁሯል።" "ብርድ ነው። ኮቱን አላየሽም? ልክክ ብሎበት! የከሳ ሰው ኮት እንደዚያ ይሆናል? ሥራዬ ነው እኮ የኔ ልጅ፣ በቀን ስንቱን አያለሁ።" ማጠቧን ቀጠለች። እልኸኛ ነሽ የሚለው አስተያየቷ ግን ፊቷ ላይ ነበር።

ነገ ልሂድና ቤቱን ልየው አልኩ። ነገ ደግሞ ለጋሾቹ ጋ ቀጠሮ አለ። ከነገ ወዲያ።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ጋሼ ወደቀ። ከወንበሩ ላይ። ከረጢቱን ጨርሶ ክሩን ሊበጥስ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። መርፌው እጁ ላይ ነበር። ሰልፉ ሁሉ ጮኸ። የጭነት መኪናችን ላይ ጭነነው ሆስፒታል። እጁን ይዤው ነበር። ቀዝቃዛ። ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

ተኝቷል። አልሞተም። የስኳር በሽታ ነው ብዬ ነበር፣ የፈራሁት እሱን ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል። "በደንብ ከበላ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?" አለችኝ። "ማን? ወንድሜ?" አልኩ፣ ሳቅም መጣብኝ። "የኔ ልጅ፣ የምግብ ማካፈያ ነው እኮ የሚሠራው!" "እሱንማ ነግሮኛል" አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። ቀጥላም "ልቡ ደክሟል። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ ራሱን ነው የሚበላው" አለችኝ።

ከዚያ ነርሷ ኮቱን ልታወልቅለት ቀና አደረገችው። እጅጌውን ሳብ ሳብ አድርጋ አወጣችው። እኔ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ኮት ውስጥ የወጣውን ሰው አላወቅኩትም። የጎን አጥንቱ፣ የትከሻው ጉልጥምት፣ ክንዱ... የአባታችን ክንድ ሊሞት ሲል እንደዚያ ነበር። "ይሄ ወንድሜ አይደለም" አልኳት ነርሷን፣ እንደ እብድ። ኮቱን አጣጥፋ እጄ ላይ አደረገችልኝ።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ፒጃማ ላመጣለት ቤቱ ሄድኩ። ከክረምት ወዲህ ረግጬው አላውቅም።

የስፌት መኪናው የለም። ጥገና አይደለም፤ አከራዩ "ሸጦታል እኮ፣ መቼም ዛሬ በልክ የሚያሰፋ የለም" አለኝ። ወለሉ ላይ የእግሮቹ ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። መደርደሪያው ላይ ጨው አለ። ጨው ብቻ። ድስቱን ከፈትኩ፤ የክር ጥቅልሎቹን አስቀምጦበታል፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ድንች ቀቀልኩ፣ እንቁላል ፈነከትኩበት ያለኝ እዚህ ድስት ላይ ነው።

"አሮጊቷ ጎረቤቱስ፣ ልጇ ጋ የሄደችው?" አልኩት አከራዩን። ግራ ገባው። "እሷማ ካረፈች ሁለት ክረምት አለፋት" አለኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ቀን ለጎረቤቱ ነው። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ እዚሁ ደብተር ላይ።

ታኅሣሥ 23፣ ማክሰኞ

ኮቱን ገልብጬ ገበሩን አየሁት። ጎኑ ላይ አንድ የድሮ ስፌት የተተረተረበት ረድፍ አለ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ ረድፍ፤ ከዚያ ሌላ። የመጀመሪያው የመኪና ነው፣ ቀጥ ያለ። የኋለኞቹ የእጅ ናቸው። ትከሻውንም፣ እጅጌውንም፣ ኮሌታውንም እንዲሁ። በከሳ ቁጥር አጥብቦታል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም፤ ከዘለበቱ በኩል እየቆረጠ መልሶ ሰፍቶታል። የት የት እንደምመለከት ያውቅ ነበር። ከኔ ሌላ እንዲህ ልብስ የሚያይ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። ለኔ ነው የሰፋው። ለኔ ዓይን።

አይ እኔ! በር ላይ ቆሜ የስንቱን ኮሌታ ስለካ!

ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ

ዛሬ ዓይኑን ገልጦ አወራኝ። ሾርባ በማንኪያ እየሰጠሁት "ለምን፣ ጋሼ? ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። ቆጣ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ሳልጨርሰው ሆዴ ባባ።

"እጄን አውጥቼ ነበራ" አለኝ።

"ባታወጣስ!"

"አንቺ እያየሽኝ?" ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። "ደግሞ ያልሽው ትክክል ነበር። እህሉ ያንሳል። ልጆች ያሏቸው አሉ።"

"ሥራውን ትተህ ብትሰለፍስ? ለማንም እሰጥ የለም እንዴ?"

ማንኪያውን በእጁ ገፋ አደረገው። "በር ላይ ያለሽው አንቺ ነሻ፣ ሚጡ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወንድሟ ነው እያለ ወንበር ይለቅልኛል። ደርሼ እጄን ብዘረጋልሽ፣ አንቺ ምን ይውጥሽ ነበር?"

ምን ይውጠኝ ነበር? ይኸው ምን እንደዋጠኝ!

ከዚያ "ልጆቹ በሉ?" አለኝ። በሉ አልኩት። "አንቺስ?" አለኝ። ዓይኑ ቀሚሴ ላይ ነበር፣ መርፌ ቁልፉ ላይ። ልብስ ሰፊ ነው መቼም። ቀሚሴን በእጄ ሸፈንኩት።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ከማደላችን በፊት ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። "ደንቡ ቀርቷል፤ የሚሠራ ሰው እንዲያውም አስቀድሞ ይያዝ" አልኩ። ፋርማሲስቱ መነጽሩን አወለቀ፣ ምንም ምክር አልሰጠም። ከረጢቶቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ጋሼ የሰፋቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ኮርኒስ ያያል፣ አንዱ ጫማውን። እዚሁ ከጎኔ ቆመው የራባቸው ስንት እንደሆኑ ያኔ ገባኝ። በጣም ያፈሩት እኮ እኔን ነው።

ሄጄ አንዱን አነሳሁ። አበባ ያለበትን። "እቤቴ ልጄና ሦስት ልጆቿ አሉ" አልኩ። "እኔም እራት ከበላሁ ቆይቻለሁ።" ይህን ስል ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ሚዛን የያዘው ልጅ ቀጥሎ አነሳ፤ ከዚያ ሁሉም። አንዷ እያለቀሰች ነበር። ከዚያ በሩን ከፈትኩ።

ባለ ቀይ ሻርፗን ሰልፍ ውስጥ ፈልጌ አገኘኋት። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያዋረድኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቅኳት። "የሱን ነገር እያወቅሽ ነበር?" አልኳት። "አንድ መንገድ ነው የምንሄደው፣ መምህርት። ማታ ማታ እያረፈ ነበር የሚሄደው፣ በየግንቡ" አለችኝ። "ለሷ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ ነው።" ምስር መስፈሪያውን ሰጠኋት።

ጥር 1፣ ረቡዕ

ጋሼ ዛሬ ዳቦ በወተት በላ። ጋጋሪው ራሱ ትኩሱን ይዞ መጥቶ "ኪራይህን ልቀበል መጣሁ" አለው። ሳቁ። ፊቱ ትንሽ ወዛ። ሐኪሟ ግን አሁንም "ልቡ፣ ልቡ" ትላለች። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ኮቱን መተርተር ጀመርኩ። በእጅ የሰፋውን ሁሉ። ሲሞላ ይሆነዋል።

ጥር 4፣ ቅዳሜ

ጨረስኩት። ተኩሼ ሰቀልኩለት። የድሮ ስፋቱ መጣ፤ ሁለት ጋሼ ያስገባል። አየውና "ማነው ይህን ስፌት እንዲህ የተረተረው? እንዲህ ያለ እጅ ቢቀጠርልኝ በሳምንቱ ነበር የማባርረው" አለ።

"እኔ ነኝ። ስትሞላ ልክህ ይሆናል።"

"እስክሞላ ድረስስ ውስጡ ጠፍቼ ልቅር?"

"ትሞላለህ!" ብዬ ጮኽኩበት። አስታማሚዎቹ ሁሉ ዞሩ። እጄን ያዝ አድርጎ "እሺ፣ እሺ ሚጡ፣ እሞላለሁ" አለኝ። ሁልጊዜ እሺ ይለኛል።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ጋሼ ሲወጣ እሑድ ምሳ ከኛ ጋ እንዲበላ ልጄ ቦታ አስተካክላለች። ልጆቹ ወንበር ላይ ተጣልተዋል፤ እሱ አጠገብ ማን ይቀመጥ ብለው። ነገርኩት። ደስ አለው። ዛሬ ሾርባውን ግማሹን ተወው። "ጠግቤ ነው" አለኝ። እውነት ይሆን? ከእንግዲህ ጠገብኩ ሲል እንዴት አምነዋለሁ?

ጥር 9፣ ሐሙስ

ጠዋት የሆስፒታሉ በር ላይ ነገሩኝ። ሾርባው እጄ ላይ ገና ትኩስ ነበር። ይዤው ቆሜ ቀረሁ። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ጥር 10፣ ዓርብ

ዛሬ ቀበርነው። ሰልፉ በሙሉ መጥቷል፤ እስከ ዳቦ ቤቱ የሚደርሰው ሰልፍ። እንዲህ ብዙ ሰው ኖሮታል። ከዚያ በፊት የሆነውን ልጻፍ፣ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

በኮቱ እንዲቀበር ፈለግኩ። ሌላ ምን አለው? ልጄና እኔ አለበስነው። ትከሻው ወደቀ፣ እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ፣ ደረቱ ላይ ጨርቁ እንደ ባዶ ጆንያ ተኛ። ስንት ጊዜ የደበቀውን እኔ በአንድ ሳምንት ገልጬ አስቀመጥኩት። በሩ ላይ ሰዎች ሊሰናበቱት ቆመዋል። ልጄ "እማዬ፣ ጊዜ የለም፣ ይሁን" አለች።

መጀመሪያ እኔም ይሁን አልኩ። ይዩት! የማካፈያው ዘበኛ ወንድም እንዴት እንደሞተ ይይልኝ ሰው ሁሉ! ፍርዴ ይሄ ነው፣ ይፍረዱብኝ አልኩ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ተላጭቶ፣ ጸጉሩ ተበጥሮ። እኔ ልቅለል ብዬ እሱን ላሳፍረው?

"አውልቁለት" አልኩ።

ባለ ቀይ ሻርፗ ሰዎቹን በር ላይ አቆመችልኝ። "ትንሽ ይታገሡ፣ እየለበሰ ነው" ስትል ሰማሁ። ከድስቱ ያመጣሁት ቡናማ ክር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መርፌው ዓይን ውስጥ ክሩ እምቢ አለኝ፤ እንባዬ አላሳይ አለኝ። ገብታ ተቀበለችኝ፣ ክሩን በከንፈሯ አርጥባ አስገባችና ሰጠችኝ። 

ስፌት አላውቅም። ግን የሱ ቀዳዳዎች እዚያው ነበሩ፤ ስተኩሰውም አልጠፉም። በመጨረሻው ረድፍ፣ በጠባቡ፣ መርፌዬን እሱ ባስገባበት እያስገባሁ፣ እሱ ባወጣበት እያወጣሁ ሄድኩ። ጎኑን፣ ትከሻውን፣ እጅጌውን። ኮሌታው ላይ ስደርስ ጣቴን ወጋኝና ደም ነካው፣ ቡናማ ስለሆነ አልታየም። ውጭ ሰዉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መጠበቅ ያውቃሉ።

መልሰን አለበስነው። ቆለፍኩለት። ሁለት ጣቴን በኮሌታው ላስገባ ሞከርኩ። አላስገባም።

"ክፈቱላቸው" አልኩ። እየገቡ አዩት። ጋጋሪው አጠገቤ ቆሞ "እንዴት አምሮበታል፣ እትዬ" አለኝ። አዎ አልኩት። ልክክ ብሎበት ነበር።